ካናቢስ ይፈቀድ፣ ይታክስ ስንል በተግባር ምን ማለታችን ነው?

ጠያቂ፦ የአራት ኪሎ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። አራት ኪሎ አካባቢ ያለ የክርክር ቡድናችን የሚቀጥለው ወር ርዕስ «ካናቢስ በሕግ ይፈቀድ፣ ቁጥጥር ይደረግበት፣ ታክስ ይጣልበት» የሚል ነው። ለእኛ የደረሰን የደጋፊነቱ ወገን ነው። እስካሁን የሰበሰብነው ሁሉ «ካናዳ ፈቅዳለች፣ እኛም እንፍቀድ» ከሚለው አይዘልም። እንዲህ ያለ መከራከሪያ ደግሞ ሁለተኛው ጥያቄ ሲነሳ ይፈርሳል። ስለዚህ አሠራሩን የምታውቁ ሰዎች እንድታግዙን እንለምናለን። ሕጋችን አሁን ምን ይላል? ታክሱ የሚጣለው በክብደት ነው፣ በዋጋ ነው ወይስ በጥንካሬው? የፈቀዱት አገሮች የቱ ጋ ተበላሸባቸው፣ ለምን? ከጫትና ከሲጋራ የምንማረው ነገርስ አለ? ፒያሳ ላይ ሱቅ በደረቴ ሲጋራ በፍሬ በሚሸጥበት ከተማ ይህንን ማን ይቆጣጠራል ብለው እንደሚያፋጥጡን እርግጠኛ ነኝ።

መልስ፦ ነገረ ሕግ

«መፍቀድ» የሚለውን ቃል ሳትለዩ መድረክ ላይ እንዳትወጡ። በዚህ አንድ ቃል የሚጠሩት ነገሮች በጣም የተለያዩ ናቸው።

ፖርቱጋል እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ያደረገችው ተጠቃሚውን ከወንጀል ማውጣት ነው። ለ10 ቀን የሚበቃ መጠን፣ በካናቢስ ሲሰላ እስከ 25 ግራም፣ ይዞ የተገኘ ሰው ፍርድ ቤት አይቆምም፤ የሕግ፣ የጤናና የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያዎች የሚቀመጡበት ኮሚሽን ፊት ይቀርባል። ሻጩ ግን ያው ወንጀለኛ ነው። ደቡብ አፍሪካ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቷ እ.ኤ.አ. በ2018 ከሰጠው ውሳኔ በኋላ፣ ዝርዝር ሕጉንም በ2024 አውጥታ፣ አዋቂ ሰው በግል ቦታው ተክሎ እንዲጠቀም ፈቀደች። መሸጥ ግን ክልክል ነው። ጀርመንም ከኤፕሪል 1 ቀን 2024 ወዲህ 25 ግራም መያዝ፣ በቤት 3 ተክል ማሳደግና እስከ 500 አባል ባለው ማኅበር ማምረት ፈቀደች እንጂ ሱቅ አልከፈተችም። በእነዚህ በሦስቱ አገሮች ከሱቅ ሽያጭ የሚሰበሰብ የካናቢስ ታክስ የለም። ታክስ የሚመጣው ሽያጭ ሲፈቀድ ነው፤ ካናዳ፣ ኡራጓይና በርካታ የአሜሪካ ግዛቶች የሄዱት በዚያ መንገድ ነው። የአፍሪካ አገሮች በብዛት የመረጡት ደግሞ ሌላ ነው። ሌሶቶ እ.ኤ.አ. በ2017፣ ማላዊ በ2020፣ ሞሮኮ በ2021 የፈቀዱት ለመድኃኒትና ለኢንዱስትሪ የሚሆን ምርት ነው። ሞሮኮ እርሻውን በሦስት ግዛቶች፣ በአል ሆሴይማ፣ በሸፍሻወንና በታውናት፣ ወስና ነው የጀመረችው።

ወደ እኛ ስንመጣ ዋናው ድንጋጌ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ነው። ያለ ልዩ ፈቃድ መትከል፣ ማምረት፣ ማዘጋጀት፣ ማስገባት፣ ማዘዋወር ከ5 ዓመት በማያንስ ጽኑ እስራትና እስከ 100,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ያስቀጣል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ መጠቀምም በዚያው አንቀጽ ንዑስ አንቀጾች ይሸፈናል። ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ አንቀጹ «ያለ ልዩ ፈቃድ» ስለሚል ለሕክምናና ለምርምር የሚሆን በር ከመጀመሪያውም ተዘግቶ አልተሠራም። ሁለተኛ፣ በግራም የተቀመጠ ጣሪያ የለውም። ለራሱ የያዘውንና ለሽያጭ የያዘውን የሚለይ ቁጥር ከሌለ ልየታው በመርማሪው፣ በዐቃቤ ሕጉና በዳኛው ግምት ላይ ይወድቃል። ደጋፊ ወገን ስለሆናችሁ ከታክሱ በፊት ይህንን አንሡ፤ እኔ በግሌ ከሁሉ የሚጠነክረው መከራከሪያችሁ ይሄ ይመስለኛል።

ተቃዋሚዎቻችሁ የ1961ዱን የአደንዛዥ ዕፆች ስምምነት መምዘዛቸው አይቀርም፤ ኢትዮጵያም አባል ናት። የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ኮሚሽን ዲሴምበር 2 ቀን 2020 በ27 ለ25 ድምፅ፣ በአንድ ድምፀ ተዓቅቦ፣ ካናቢስን ከሠንጠረዥ 4፣ ማለትም እጅግ አደገኛና የሕክምና ጥቅማቸው አነስተኛ ከተባሉት ዝርዝር፣ አወጣው። ይህ የሕክምና ጠቀሜታውን መቀበል ነው። ጥብቅ ቁጥጥር የሚደረግባቸው ዕፆች በተዘረዘሩበት ሠንጠረዥ 1 ውስጥ ግን አሁንም አለ። «የተባበሩት መንግሥታት ፈቀደ» ካላችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጥሏችኋል።

መልስ፦ ኤክሳይስ

ሦስቱም የታክስ መሠረቶች ተሞክረዋል፤ እያንዳንዱ የራሱ ቀዳዳ አለው።

በክብደት መጣል ቀላል ይመስላል። ችግሩ የሚመዘነው ነገር ውኃ መሆኑ ላይ ነው። የካናቢስ አበባ ተቆርጦ ሲደርቅ ከክብደቱ ወደ አራት አምስተኛው የሚጠጋ ይጠፋል። የካናዳ ሕግ ራሱ 1 ግራም ደረቅ ከ5 ግራም እርጥብ ጋር እኩል ነው ብሎ ያሰላል። ስለዚህ ሕጉ መቼ እንደሚመዘንና በስንት በመቶ እርጥበት እንደሚመዘን ካልጻፈ ታክሱ መሠረት የለውም። ደርቆ መጋዘን ከገባ በኋላም ጣጣው አይቀርም። 1,000 ግራም በ15 በመቶ እርጥበት የገባ ምርት ወደ 10 በመቶ ሲወርድ 944 ግራም ይሆናል። 56ቱ ግራም ተንኗል ወይስ በኋላ በር ወጥቷል? ተቆጣጣሪው በየዕጣው (አንድ ላይ በሚቀርበው ምርት ሁሉ) እርጥበቱ ተለክቶ ካልተመዘገበለት ይህን የሚለይበት ምንም መንገድ የለውም።

ጫት ላይ ይህንን አይተነዋል። በኪሎ 5 ብር የሚል ኤክሳይስ በአዋጅ ወጥቶ ነበር። ኬላ ላይ ሚዛኑ ላይ የሚወጣው ግን ቅጠል ብቻ አይደለም፤ እንጨቱ፣ እንዳይጠወልግ የተረጨበት ውኃ፣ የተጠቀለለበት ኮባ አብሮ ይመዘናል። በዚያ ላይ የአንድ ኪሎ አወዳይና የአንድ ኪሎ ተራ ጫት ዋጋ ሰፊ ልዩነት እያለው ታክሱ እኩል ነው። በክብደት ብቻ የሚጣል ታክስ ርካሹን ያከብዳል፣ ውዱን ያቀልላል።

ካናዳ የወደቀችበትን በደንብ አጥኑት። ኤክሳይሱ በግራም 1 ዶላር ወይም ከአምራቹ ዋጋ 10 በመቶ ነው፤ የሚበልጠው ይከፈላል። ሕጉ ሲረቀቅ የታሰበው የአምራች ዋጋ በግራም 10 ዶላር አካባቢ ስለነበር ሁለቱ እኩል ይሆናሉ ተብሎ ነበር። ገበያው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 17 ቀን 2018 ተከፈተ፣ ብዙ አምራች ገባ፣ ዋጋው ወረደ። ዋጋው 3 ዶላር ሲሆን ያው 1 ዶላር ሲሶ ሆኖ ተገኘ። ብዙ አምራቾች ኤክሳይሱን መክፈል አቅቷቸው ዕዳ ተከመረባቸው።

እኛ ጋ ቋሚ ታክስ የሚበላሸው በተቃራኒው ነው። የ2012 ዓ.ም.ቱ ኤክሳይስ አዋጅ 1186 ሲወጣ ሲጋራ ላይ 30 በመቶና በፓኮ 8 ብር ጣለ፤ በመቶኛና በቋሚ ብር የተደባለቀ መሆኑ ጥሩ አሠራር ነው። ያኔ 1 ዶላር 32 ብር ገደማ ስለነበር 8 ብር ወደ 25 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዶላር ከ100 ብር አለፈ፤ ያው 8 ብር ሳይነካ ቢቀመጥ ከ8 ሳንቲም በታች ወረደ ማለት ነው። ካናዳ ውስጥ ቋሚው ታክስ አምራቹን በላ፣ እኛ ጋ ደግሞ የዋጋ ንረቱ ታክሱን ይበላዋል። የምትደግፉት ረቂቅ ቋሚ ብር ካለበት በየዓመቱ በዋጋ ንረት ልክ የሚስተካከልበትን ድንጋጌ አብራችሁ አቅርቡ።

በዋጋ ላይ የሚጣለው ደግሞ በደረሰኝ ይሞታል። አምራቹና ሱቁ የአንድ ሰው ሲሆኑ አምራቹ ለራሱ ሱቅ በርካሽ የሸጠ አስመስሎ ይቆርጣል። ዋሽንግተን ግዛት መጀመሪያ በየደረጃው፣ ከአምራች፣ ከአቀነባባሪና ከቸርቻሪ፣ 25 በመቶ ትሰበስብ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ይህንን ትታ በመጨረሻው ሽያጭ ላይ ብቻ 37 በመቶ አደረገችው። የመጨረሻው ሽያጭ ላይ መጣሉ የውስጥ ዋጋ ጨዋታውን ይዘጋዋል፣ ግን እያንዳንዱ ሱቅ የሚታመን የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን ይፈልጋል። ማሽኑን አጥፍቶ በእጅ መሸጥ እኛ ጋ አዲስ ነገር አይደለም።

በጥንካሬ፣ ማለትም የሚያሰክረው ንጥረ ነገር በሆነው በቲኤችሲ መጠን፣ መጣሉ ለጤና ይስማማል፤ ጠንካራው ይወደዳል፣ ለስላሳው ይረክሳል። ኢሊኖይ እስከ 35 በመቶ ቲኤችሲ ላለው 10 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ለሆነው 25 በመቶ፣ ለሚበሉ ምርቶች 20 በመቶ ታስከፍላለች። ኒው ዮርክ በየሚሊግራሙ ጀምራ እ.ኤ.አ. በ2024 ትታው በጅምላ ዋጋ ላይ ወደ 9 በመቶ ተመልሳለች፤ አሠራሩ ለነጋዴውም ለሰብሳቢውም ከባድ ነበር። እዚህ ላይ ሁሉ ነገር በላቦራቶሪው ታማኝነት ላይ ይንጠለጠላል። ይህንን የሚያውቅ ሰው ቢመልስ ይሻላል።

አንድ ብዙ ሰው የማያነሳው ነገር ልጨምር። ኡራጓይ ሽያጩን በፋርማሲ ስትጀምር፣ በጁላይ 2017፣ የፋርማሲዎቹ የባንክ ሒሳብ መዘጋት ጀመረ። ምክንያቱም የአገሬው ባንኮች ዶላር የሚያንቀሳቅሱት በአሜሪካ ባንኮች በኩል ስለነበርና የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ደግሞ የካናቢስን ገንዘብ ስለሚከለክል ነው። የኛ ባንኮችም ኤልሲ (ለአስመጪ የሚከፈት የክፍያ ዋስትና) የሚከፍቱት ክፍያውን በውጭ በሚያስተላልፉላቸው ኮረስፖንደንት ባንኮች ነው። ያንን መስመር ለአደጋ የሚያጋልጥ ባንክ አይገኝም። ንግዱ በጥሬ ገንዘብ ብቻ ከሆነ ደግሞ ታክሱን ማን ያየዋል?

መልስ፦ ፋርማሲስቱ

ላቦራቶሪውን እኔ ልያዘው።

በአበባው ውስጥ ያለው በብዛት ቲኤችሲ ሳይሆን ቲኤችሲኤ የሚባለው አሲዱ ነው። ሲሞቅ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለቅቆ ቲኤችሲ ይሆናል። ስለዚህ ጠቅላላው የሚሰላው ቲኤችሲኤውን በ0.877 አባዝቶ ቲኤችሲውን በመደመር ነው። 20 በመቶ ቲኤችሲኤና 1 በመቶ ቲኤችሲ ያለው አበባ ጠቅላላው 18.54 በመቶ ነው። በጋዝ ክሮማቶግራፊ ከለካችሁት መሣሪያው ራሱ ናሙናውን ስለሚያሞቀው ሁለቱን ለይቶ አያሳይም። ናሙናውን ሳያሞቅ በሚለካው በኤች ፒ ኤል ሲ መሣሪያ ግን ተለያይተው ይወጣሉ። ሕጉ የትኛው ቁጥር እንደሚታከስ ካልገለጸ አምራቹ የሚያነሰውን ይጽፋል።

ከመሣሪያው በላይ የሚያበላሸው ናሙና አወሳሰዱ ነው። ከተክሉ ጫፍ የተቆረጠ አበባና ከታች የተቆረጠው ጥንካሬያቸው አንድ አይደለም። አምራቹ ናሙናውን ራሱ መርጦ፣ ራሱ ወደ መረጠው ላቦራቶሪ ሲወስድ፣ ላቦራቶሪዎቹ ደንበኛ ላለማጣት የሚፈለገውን ቁጥር መስጠት ይጀምራሉ። አሜሪካ ውስጥ ይህ በተደጋጋሚ የታየ ችግር ነው። መፍትሔው የታወቀ ነው፦ ናሙናውን ተቆጣጣሪው ከተለያየ ቦታ ይወስዳል፣ ይቀላቅላል፣ ግማሹ ታሽጎ ለክርክር ይቀመጣል፣ ውጤቱ ቀጥታ ለተቆጣጣሪው ይላካል። እኛ ጋ ይህ ሥራ የሚወድቀው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ላይ ይሆናል።

ጥንካሬ ብቻም አይደለም የሚመረመረው። የውኃ እንቅስቃሴ የሚባለው፣ ሻጋታ ሊጠቀምበት የሚችለውን ውኃ የሚያሳየው ልኬት ከ0.65 በላይ ከሆነ ሻጋታ ይይዛል፤ አስፐርጂለስ የሚባል ሻጋታ ከያዘ ምርት የሚወጣ ጭስ የመከላከል አቅሙ ለደከመ ሰው ሳንባ አደገኛ ነው። በአዲስ አበባ ክረምት፣ ማድረቂያ ክፍል በሌለበት፣ ይህን ልክ መጠበቅ ቀላል አይደለም። ተክሉ ከአፈር ካድሚየምና እርሳስም ይስባል። ከተማውን አቋርጠው ወደ አቃቂ በሚወርዱት ወንዞች የሚለማው አትክልት ላይ ከባድ ብረቶች መገኘታቸው በጥናት የታወቀ ነው፤ በዚያ ውኃ የበቀለ ካናቢስ የተለየ አይሆንም።

ወጪውን አትርሱ። ለስሌት ያህል የአንድ ዕጣ ሙሉ ምርመራ 10,000 ብር ቢሆን፣ 5 ኪሎ ላቀረበ አምራች በግራም 2 ብር፣ ግማሽ ኪሎ ላቀረበ ገበሬ ግን በግራም 20 ብር ይደርሳል። «ትንሹን ገበሬ ይጠቅማል» የምትሉ ከሆነ ምርመራውን በኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም በመንግሥት ወጪ ካላደረጋችሁት ትንሹ ገበሬ በመጀመሪያው ዓመት ይወጣል።

የሚበላውን በተመለከተ መከራከሪያችሁ ውስጥ ባታስገቡት እመክራለሁ። ሲጨስ በደቂቃዎች ውስጥ ይታወቃል። ሲበላ ግን ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ይቆያል፣ ሰውየው «አልያዘኝም» ብሎ ይደግማል፣ ከዚያ ሁለቱም አንድ ላይ ይመጣሉ። ካናዳ ለዚህ ነው በአንድ ማሸጊያ ከ10 ሚሊግራም ቲኤችሲ እንዳይበልጥ ያሰረችው። በእጅ የተቦካ ኬክ ውስጥ ደግሞ ካናቢስ የተቀላቀለበት ቅቤ እኩል ስለማይዳረስ አንዱ ቁራጭ ባዶ ሊሆን፣ ሌላው የብዙ ሰው ድርሻ ሊይዝ ይችላል።

መድኃኒትን ከዚህ ለዩት። ኤፒዲዮሌክስ የሚባለው መድኃኒት ከካናቢስ የተጣራ፣ የማያሰክር ሲቢዲ የተባለ ንጥረ ነገር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካ ውስጥ ሌኖክስ ጋስቶና ድራቬ ለሚባሉ ከባድ የሕፃናት የሚጥል በሽታ ዓይነቶች ተፈቅዷል፣ መጠኑም በልጁ ኪሎ ይሰላል። እንዲህ ዓይነቱን መድኃኒት ለማስገባት ማንም ሱቅ መክፈት አያስፈልገውም።

መልስ፦ የአእምሮ ጤና ነርስ

እኔ ተቃዋሚ ነኝ፣ በግልጽ ልናገር። ፋርማሲስቱ የጻፉት ሁሉ ትክክል ነው፣ ግን የሚያወሩት ስለ ታሸገ ምርት ነው።

ጉዳቱ ለሁሉም እኩል አይደለም። ገና በጉርምስና የጀመረ፣ በየቀኑ የሚያጨስ፣ ቲኤችሲው ከፍ ያለውን የሚጠቀም፣ በቤተሰቡ የሳይኮሲስ (ከእውነታ የሚያርቅ የአእምሮ) ሕመም ያለበት ሰው ላይ አደጋው ይከብዳል። በከተማችን ደግሞ ብዙ ጊዜ ብቻውን አይመጣም፤ ጫት ተቅሞ፣ ለመስበሪያ መጠጥ ተጠጥቶ፣ በዚያ ላይ ነው የሚጨሰው። እንቅልፍ ያጣ አእምሮ ላይ ነው የሚጨመረው።

በሕክምና በኩል የሚሳትም አለ። ለዓመታት አዘውትሮ ያጨሰ ሰው በዙር የሚመለስ ከባድ ትውከትና የሆድ ቁርጠት ሊይዘው ይችላል። ብዙውን ጊዜ ጨጓራ ተብሎ በኦሜፕራዞል ይመላለሳል። መለያው ሙቅ ሻወር ውስጥ ሲቆም የሚቀልለው መሆኑ ነው። የሚድነው ሲያቆም ነው። ሲያቆም ደግሞ የመጀመሪያው ሳምንት እንቅልፍ ማጣት፣ ንዴት፣ የምግብ ፍላጎት መዘጋት አለ፤ በሁለት ሳምንት ገደማ ይረግባል። ቤተሰብ ይህንን ካላወቀ «ባሰበት» ብሎ ይደነግጣል።

አዋጅ 1112/2011 ሲጋራም መጠጥም ከ21 ዓመት በታች ለሆነ እንዳይሸጥ ከልክሏል። ስታዲየም ዙሪያ፣ ፒያሳ፣ ለገሃር፣ ሱቅ በደረቴው ለማን መታወቂያ ይጠይቃል? መጀመሪያ ይህ ይሠራ። የሚሰበሰበው ታክስስ ለሱስ ሕክምና ይውላል የሚል ቃል በሕጉ ውስጥ ካልተጻፈ ማን ያስታውሰዋል?

ጠያቂ፦ የአራት ኪሎ ልጅ

በጣም አመሰግናለሁ፣ እህቴ አንቺንም ጭምር፤ ተቃዋሚዎቻችን የሚሉትን አስቀድመሽ ሰጠሽን። አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ታክሱ ከፍ ሲል መንግሥት ብዙ ይሰበስባል የሚለው እውነት ነው? በቁጥር የሚያሳየን ካለ።

መልስ፦ ኤክሳይስ

ቁጥሮቹ የገበያ መረጃ ሳይሆኑ ለስሌት ያህል የተወሰዱ መሆናቸውን መድረክ ላይ ተናገሩ።

አንድ ግራም 15 በመቶ ቲኤችሲ አለው እንበል፣ 150 ሚሊግራም ማለት ነው። የአምራቹ ዋጋ 45 ብር፣ የሱቁ ትርፍና ወጪ 20 ብር፣ የመንገድ ላይ ሻጩ ዋጋ 100 ብር ይሁን። ኤክሳይሱ በሚሊግራም 10 ሳንቲም ከሆነ 15 ብር ይመጣል። 45፣ 15 እና 20 ሲደመር 80፤ 15 በመቶ ቫት ሲጨመር 92 ብር። ሕጋዊው ከመንገዱ ይረክሳል፣ መንግሥት በግራም 27 ብር ያገኛል። ኤክሳይሱን ወደ 30 ሳንቲም ብታሳድጉት 45 ብር ይሆናል፤ ከቫት ጋር መሸጫው 126.50። መንግሥት በግራም 61.50 ያገኛል፣ ግን ከተሸጠ ነው። በሕጋዊው ሱቅ የሚሸጠው መጠን ከቀድሞው ከ44 በመቶ በታች ከወረደ በአነስተኛው ታክስ ይሰበስብ ከነበረው ያነሰ ሰበሰበ ማለት ነው፤ የጠፋው ገዢም የሄደው ምርመራ ወደሌለበት፣ ዕድሜ ወደማይጠየቅበት ሻጭ ነው።

ካሊፎርኒያ የገባችበት ይኸው ነው። 15 በመቶ ኤክሳይስ፣ በላዩ የአምራች ታክስ፣ በዚያ ላይ የከተሞቹ ታክስ ተደራረበ፤ ብዙዎቹ ከተሞች ደግሞ ሱቅ ጭራሽ ከለከሉ። የአምራቹን ታክስ በጁላይ 2022 አነሱት፣ ሕገወጡ ገበያ ግን ሥር ሰዶ ቆይቷል። ኡራጓይ በተቃራኒው በግራም 1.30 ዶላር ገደማ ጀምራ በዋጋ አሸነፈች፣ ሆኖም መጀመሪያ ያቀረበችው በጣም ለስላሳ ስለነበር ጠንካራ ፈላጊው በውጭ ቀረ፤ በኋላ ጠንከር ያለ ለመጨመር ተገደደች። እዚያ ገዢው በአሻራ ይለያል፣ በወር ከ40 ግራም በላይ አይሸጥለትም።

ነርሷ ያነሳችው የሚገባ ጥያቄ ነው። ኮሎራዶ ሕዝቡ እ.ኤ.አ. በ2012 ሲወስን ከኤክሳይሱ በዓመት የመጀመሪያው 40 ሚሊዮን ዶላር ለትምህርት ቤት ግንባታ እንዲውል አብሮ አጸደቀ። ገንዘቡ የሚሄድበት በዚያው ሕግ ላይ ካልታሰረ ወደ ጋራ ቋት ይገባና ይጠፋል። እናንተም የምታቀርቡት ረቂቅ ላይ መቶኛውን ጻፉበት።

መልስ፦ ነገረ ሕግ

ለማረጋገጥ አንቀጽ 525ን፣ አዋጅ 1112ን እና 1186ን ከነጋሪት ጋዜጣው ራሱ አንብቡት። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ድርጅት ከእናንተ በእግር ቅርብ ነው፤ ካጣችሁት ወመዘክር ሂዱ። ከስልክ ላይ የሚገኙት ቅጂዎች አንዳንዶቹ ገጽ የጎደላቸው ናቸው። ስታነቡም የአማርኛውንና የእንግሊዝኛውን ዓምድ አስተያዩ፤ «ልዩ ፈቃድ» የሚለው የት ቦታ እንደገባ ልዩነት ያመጣል።